አራት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አንድም መዥገር የለም

ጥያቄ፦ «በምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህር ነኝ። ባለፉት ስድስት ዓመታት አራት ተማሪዎቻችን በዙሪያችን ባሉ ወረዳዎች የከብት መዥገር ጥናት ሠርተው ተመርቀዋል። የአንዱ ውጤት ከሌላው አይገጥምም፤ ለአርቢውም የፈየደው ነገር የለም። ከሁለት ጎረቤት ዩኒቨርሲቲዎችና ከክልሉ ላቦራቶሪ ጋር ተቀናጅተን በመዥገርና መዥገር በሚያስተላልፋቸው በሽታዎች ላይ አብረን ለመሥራት አስበናል። ከየት ይጀመራል? ገንዘቡንስ ማን ይሰጣል?»

ምላሽ፦

ዶክተር፣ የገንዘቡን ነገር ወደ በኋላ ላቆየውና አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አራቱ ተማሪዎች ከከብቱ ላይ የለቀሟቸው መዥገሮች ዛሬ የት አሉ?

ይህን በየሄድኩበት እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ «ፍሪጁ ሲጸዳ ተጥለዋል» እባላለሁ። የእናንተም ዕጣ ይኸው ከሆነ፣ ውጤቱ ለምን እንዳልገጠመ ማጣራት አይቻልም ማለት ነው። አንዱ ተማሪ በወረዳው አምብሊዮማ ቫሪጌተም የተባለው የመዥገር ዝርያ ይበዛል ብሎ፣ ሌላው ከወንዝ ማዶ አምብሊዮማ ኮሄረንስ ይበዛል ቢል፣ ልዩነቱ የተፈጥሮ ይሁን የተመልካቹ በምን ይለያል? በጅማና በኢሉባቦር በኩል ኮሄረንስ በእርግጥም ብዙ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የቫሪጌተም ዓይን እንደ ዶቃ ጎላ ብሎ ይወጣል፣ የኮሄረንስ ያን ያህል አይወጣም። ይህን አጉልቶ የሚያሳይ ደህና ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ያላገኘ ተማሪ፣ በተለይ ሴቷን ሲመለከት ቢሳሳት አልፈርድበትም። ብልቃጦቹ ቢኖሩ ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጣራ ነበር።

ስለዚህ ከየት ይጀመር ላሉት፣ የመግባቢያ ሰነዱና የምሥረታ ጉባኤው ይቆዩና ከብልቃጡ ጀምሩ እላለሁ። ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎችና ላቦራቶሪው በአንድ ዓይነት መንገድ ለቅመው፣ በአንድ ዓይነት መለያ ጽፈው፣ አንድ የጋራ ቦታ ማስቀመጥ ከቻሉ፣ ፊርማ ሳይፈረም ቅንጅቱ ተጀምሯል። ይህን ሳያደርጉ የተፈረሙ ሰነዶችን ብዙ አይቻለሁ፤ ሰነዱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ መዥገሩም ቆሻሻ ውስጥ።

መለያ ወረቀቷ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ቀኑ፣ ወረዳውና ቀበሌው፣ የጂፒኤስ ነጥቡ፣ የከብቱ ዝርያ፣ ጾታና ዕድሜ፣ መዥገሩ የተነቀለበት የሰውነት ክፍል፣ የለቃሚው ስም ይጻፍባታል። የሚጻፈው በእርሳስ ነው። እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይታጠባል። ወረቀቷ ታጥፋ ከመዥገሮቹ ጋር ብልቃጡ ውስጥ ትገባለች እንጂ ውጭ አትለጠፍም። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ተማሪ ሳለሁ የሁለት ወር ልቃሜን በካርቶን አድርጌ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ወደ ላቦራቶሪ አመጣሁ። በመንገዱ ንቅናቄ ክዳኖቹ ላልተው አልኮሉ ፈሰሰ። ካርቶኑን ስከፍት ውጭ የለጠፍኳቸው ወረቀቶች ቀለማቸው ለቆ ሁሉም እኩል ሰማያዊ ሆነዋል። መዥገሮቹ አንድም ሳይጎድሉ አሉ፤ የቱ ከየት እንደመጣ ግን የሚናገር ነገር የለም። እነዚያን ከብቶች ይዘውልኝ የዋሉ አርቢዎች ፊት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ዝርያ ለመለየት ብቻ ከሆነ ሰባ በመቶ አልኮል ይበቃል። ወደፊት የዘረመል ምርመራ ይደረግ ይሆናል ብላችሁ ካሰባችሁ ግን ከዘጠና አምስት በመቶ በላይ የሆነውን ተጠቀሙ፤ ከእያንዳንዱ ስብስብ ጥቂቱን በዚህ ማስቀመጥ ወጪው ብዙ አይደለም። ሲነቀልም በወረንጦ ቆዳው ድረስ ተጠግቶ፣ ሳይጠመዘዝ፣ በቀስታ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። አምብሊዮማ አፉ ረጅም ስለሆነ በችኮላ የጎተቱት እንደሆነ አፉ ከብቱ ላይ ይቀራል፤ አፍ የሌለውን መዥገር በትክክል መለየት ደግሞ ከባድ ነው። እባክዎን ተማሪዎቹን ጓንት ያስለብሷቸው። እኛ በባዶ እጅ እየነቀልን፣ ደም የጠገበችውን በጣት እያፈረጥን ነው ያደግነው። የክራይሚያ ኮንጎ ደም መፍሰስ ትኩሳትን የሚያስተላልፉት የሃያሎማ መዥገሮች አገራችን ውስጥ አሉ፤ ኡጋንዳ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ በሽታ ደጋግማ ተመትታለች። ይህ የተማሪ ሕይወት ጉዳይ ነውና ለነገ አይባልም።

ብልቃጥን ይህን ያህል ለምን እንደማከብር በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በአገራችን ከብት ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ ነው። የቅርብ ዘመዱ ሪፒሴፋለስ ማይክሮፕለስ የእስያ መዥገር ሲሆን፣ በ2007 እና በ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ በኮትዲቯርና በቤኒን ተገኘ። ከብራዚል ከገቡ ከብቶች ጋር እንደመጣ ይታመናል። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ አፍሪካ ከአገር አገር ተዛምቷል፤ ነባሩን ዲኮሎራተስን ከቦታው እየገፋ፣ መድኃኒትም እየተቋቋመ። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ማይክሮስኮፕ ሥር አፉን ገልብጠው፣ ወደ ቆዳ የሚሰካውን ክፍል ጥርሶች ይቆጥራሉ፤ ዲኮሎራተስ በግራ ሦስት በቀኝ ሦስት ረድፍ አለው፣ ማይክሮፕለስ አራት በአራት ነው። ነገ አንድ ሰው እዚህ አራት በአራት ቢያገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ገባ?» የሚል ይሆናል። መልሱ የሚገኘው የዛሬ አሥር ዓመት የተለቀመ መዥገር ያስቀመጠ ሰው ዘንድ ብቻ ነው። «ዲኮሎራተስ፣ ይህን ያህል በመቶ» የሚል ሠንጠረዥ ጥርስ የለውም።

በ1980 እና በ1981 እ.ኤ.አ. የወጡትን የተመራማሪዎቹን የሞሬልንና የፔግራምን የኢትዮጵያ መዥገር ጥናቶች ዛሬም የምንጠቅሳቸው ለቃሚዎቹ ናሙናና ቦታ በጥንቃቄ ስለያዙ ነው። ከፔግራም ጋር የጻፈው ሃሪ ሁግስትራል ካይሮ ተቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ መዥገር ሲሰበስብ ኖሮ በ1986 እ.ኤ.አ. አረፈ። ስብስቡ ዛሬ የስሚዝሶኒያን ንብረት ሆኖ፣ ጆርጂያ ሳዘርን ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የመዥገር ስብስብ ውስጥ ይገኛል፤ የዓለም ተመራማሪ ሁሉ ይጠቀምበታል። እናንተ ያን ያህል አያስፈልጋችሁም። የሚቆለፍ ቁም ሣጥን፣ የአልኮሉን መጠን በየሦስት ወሩ አይቶ የሚሞላ አንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ እና መዝገብ ይበቃል። ቴክኒሻኑን አደራ የምለው ከልቤ ነው፤ በምርምር ጽሑፍ ላይ ስሙ የማይወጣ፣ ስብስቡን ግን በሕይወት የሚያቆየው እሱ ነውና፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጸሐፊነት ድርሻ ይኑረው።

ወደ ቆጠራው ልመለስ። የተማሪዎቻችን ጥናት ሁሉ «መዥገር የተገኘበት ከብት መቶኛ» ላይ ያልቃል። ይህ ቁጥር ለአርቢው ምንም አይነግረውም። አንዲት መዥገር የያዘችው ጊደርና ከጭራዋ ሥር እስከ ጡቷ ሦስት መቶ የተሸከመችው ላም በዚህ ስሌት እኩል ናቸው። በዚያ ላይ አንዱ በጥቅምት ይለቅማል፣ ሌላው በሚያዝያ፤ አንዱ ሙሉውን ሰውነት ይቆጥራል፣ ሌላው ግማሹን ቆጥሮ በሁለት ያባዛል፣ ሦስተኛው የታየውን ብቻ ይነቅላል። እንዴት ይግጠም? አንድ ሕግ ያውጡ፤ የግማሽ ሰውነት ቆጠራ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጎን፣ ጆሮ፣ ብብት፣ ጡት ወይም ቆለጥ፣ የጭራ ሥርና የሰኮና መካከል ሳይዘለል። ከዚያም አራት መቶ ከብት አንድ ጊዜ ከማየት፣ ሠላሳ ተመሳሳይ ከብቶችን በየወሩ ለአሥራ ሁለት ወር ማየት ይሻላል። አንድ ተማሪ አሥራ ሁለት ወር መስክ ሊቀመጥ አይችልም። አራት ተማሪዎች ተቀባብለው ግን ይችሉታል፤ ቅንጅት ማለት ይሄ ነው። መዥገሩ በየትኛው ወር እንደሚወጣ ከታወቀ፣ አርቢው መድኃኒቱን ዓመቱን ሙሉ ከመርጨት ድኖ በሚያስፈልገው ወር ይረጫል።

ለአርቢው የሚፈይድ ጥያቄ ምረጡልን ካላችሁ፣ እኔ ሁለት ላይ እቆማለሁ።

የመጀመሪያው የመድኃኒት መላመድ ነው። ዳያዚኖን ወይም አሚትራዝ የተባለው የመዥገር መድኃኒት ከገበያ ተገዝቶ፣ በለስላሳ ቆርኪ ተለክቶ፣ በግምት ውሃ ተበጥብጦ በጨርቅ ይቀባል። መጠኑ ሲያንስ ደካማው መዥገር ይሞታል፣ ጠንካራው ይቀራል፣ የሚራባውም እሱ ነው። አርቢው «መድኃኒቱ ውሃ ሆኗል» ሲል ሐሰተኛ መድኃኒት ሸጡልኝ ማለቱ ነው፤ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ መዥገሩ ተላምዶም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ምርመራ ውድ አይደለም። ደም የጠገበች ሴት ዲኮሎራተስ ወስዳችሁ እርጥበት ባለው ሙቅ ቦታ እንቁላል ታስጥላላችሁ፤ የተፈለፈሉት እጮች አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው፣ በተለያየ የመድኃኒት መጠን በተነከረ የማጣሪያ ወረቀት ኤንቨሎፕ ውስጥ ታሽጋላችሁ፤ ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ የሞተና የተረፈ ትቆጥራላችሁ። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት አሠራሩን በ2004 እ.ኤ.አ. በመመሪያ አውጥቶታል። ለአሚትራዝ ወረቀቱ በናይሎን ጨርቅ ይተካል፤ ይህን የማያውቁ ብዙዎች የተሳሳተ ውጤት ያገኛሉ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ምርመራውን ለሁላችሁም ይሥራ፣ ሌሎቹ መዥገር ይላኩለት። ሁሉም ጋ ኢንኩቤተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው የጥጆች ጉዳይ ነው። የአገራችን ጥጃ ከመዥገር ጋር አብሮ ያድጋል፤ መዥገር የሚያስተላልፋቸው የደም በሽታ አምጪዎች፣ አናፕላዝማና ባቤዚያ፣ በጨቅላነቱ ይይዙታል፣ በዚያ ዕድሜ በሽታው አይከብድበትም፣ ካገገመ በኋላ ይቋቋመዋል። ዲቃላ ላም ገዝቶ ከመዥገር ፈጽሞ አጽድቶ የሚያሳድግ የወተት አርቢ ይህን ሰንሰለት ይቆርጣል። ከዓመታት በኋላ አንድ ክረምት መድኃኒት ያጣ እንደሆነ፣ ያደገች፣ የወለደች፣ ባንክ የተበደረባት ላም በሁለት ቀን ትኩሳት ትወድቅበታለች። በእያንዳንዱ ወረዳ ስንት ጥጆች ዓመት ሳይሞላቸው ተይዘው እንደሚድኑ ብናውቅ፣ የትኛው አርቢ መዥገርን ጨርሶ ማጥፋት እንዳለበት፣ የትኛው በልክ ቢተወው እንደሚሻለው መምከር እንችል ነበር። አሁን የምንመክረው በግምት ነው። ይህ ለእኔ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ሠላሳ ዓመት መዥገር ቆጥረን ይህን አለማወቃችን።

የደቡብ ባልደረቦቻችሁንም አትርሷቸው። ሪፒሴፋለስ አፔንዲኩላተስ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የጥጃ ፈጅ የሆነውን የምሥራቅ ጠረፍ ትኩሳት የሚያስተላልፈው ቡናማ የጆሮ መዥገር፣ ኬንያ አለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ተደላድሎ አልተገኘም። የደጋችን አየር እንደሚስማማው ግን የአየር ንብረት ስሌቶች ቀደም ብለው አሳይተዋል። ከብት ድንበር አያውቅም፤ ቦረና ውስጥ ውሃ ፍለጋ ሲሄድ ይሻገራል። ከያቤሎና ከሞያሌ የሚመጣ ቡናማ የጆሮ መዥገር ሁሉ በጋራ ስብስባችሁ ውስጥ በሁለት ሰው ዓይን መታየት አለበት።

«አብሮ መሥራት ያዋጣል ወይ» ለሚሉ የሥራ ባልደረቦችዎ የሙጉጋን ታሪክ ይንገሯቸው። ለዚሁ ትኩሳት የሚሰጠው ክትባት የተሠራው በ1970ዎቹ ናይሮቢ አጠገብ፣ ሙጉጋ በሚባል ቦታ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በጋራ በሚያስተዳድሩት ምርምር ድርጅት ነው። የተያዙ መዥገሮች ይፈጫሉ፣ ሕያው ተውሳኩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል፣ ጥጃው እሱንና ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ አንድ ላይ ይወጋል። አንድ ቦታ የሚገኝ ተውሳክ ብቻውን ሌላ ቦታ አላድን ስላለ ሦስት ዓይነት ተቀላቀለ፣ አንዱ ከሴሬንጌቲ። በ1977 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ፈረሰ፤ ድርጅቱም አብሮ። ክትባቱ ግን አልጠፋም፣ ምክንያቱም ናሙናው በናይትሮጅን ውስጥ ነበር። ኋላ ናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት አመረተው፣ ከዚያም ምርቱ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ወዳለው የመዥገርና የመዥገር ወለድ በሽታዎች ማዕከል ተሸጋገረ። በሰሜን ታንዛኒያ የሚገኙ ማሳዮች ጥጆቻቸውን ያስከትቡበታል። መንግሥታት ተጣልተው የተለያዩበት ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሻግሮ ጥጃ ያዳነው፣ አንድ ሰው በየሳምንቱ ናይትሮጅን ስለሞላ ነው።

ቅንጅት የግድ ትልቅ ሕንፃ አይፈልግም። በ1990ዎቹ የአውሮፓ ኮሚሽን የደገፈውና ከዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ፍራንስ ዮንግያን ያስተባበሩት የመዥገር ጥናት ኅብረት በዋናነት ያደረገው በአውሮፓ፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ያሉ ላቦራቶሪዎችን በዜና መጽሔት፣ በሥልጠናና በተመሳሳይ የምርመራ ዘዴ ማገናኘት ነበር። ያ ዓይነቱ ድጋፍ ለእናንተም የሚስማማ ይመስለኛል፤ በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ሳምንት፣ የአራቱ ተቋማት ተማሪዎች አንድ ማይክሮስኮፕ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ ያወጣውን ስም ሌላው ሳያይ እንደገና ይለይ። የተለያዩበትን መዝግቡ። ያ መዝገብ ራሱ መታተም የሚገባው ሥራ ነው።

የሚያጣላችሁን ነገር ደግሞ ቀድማችሁ ጻፉ። ማን መጀመሪያ ስሙ ይወጣል፣ ማን ናሙና ይወስዳል፣ የውጭ አጋር ቢመጣ ማን ይፈርማል? ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፈቃዱም ከብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ይህን የማያውቅ ወይም የሚያልፍ የውጭ አጋር ከመጣ በትሕትና እምቢ ይበሉት። ብልቃጡ ሲሄድ ግማሹ እዚሁ ይቅር፣ ሁልጊዜ።

አሁን ገንዘቡ። እውነቱን ለመናገር ለመዥገር ብቻ የሚመደብ ትልቅ ገንዘብ በቅርቡ አይጠብቁ። «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ከብቱን በሳምንት ስለሚጨርስ ዓለም ተባብሮ በ2011 እ.ኤ.አ. ጠፍቷል ተብሎ ታወጀለት። የቆላ ዝንብ ለሚያስተላልፈው የከብት በሽታ ለገንዲም ራሱን የቻለ ብሔራዊ ተቋም ተቋቁሞለት ነበር። መዥገር ግን ወተቱን፣ ሥጋውን፣ ቆዳውን በጥቂት በጥቂቱ ይወስዳል፤ በጥቂቱ የሚወሰድ ነገር ለበጀት አይጮህም። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን ቅድሚያ የሚሰጣቸው ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ሲመረጡ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኢኪኖኮኮሲስ ነበሩ፤ ከመዥገር ጋር የተያያዘ አንድም አልገባም። ይህን ለመለወጥ መረጃ ያስፈልጋል፣ መረጃው ደግሞ አሁን በእጃችን የለም።

ስለዚህ በእጃችሁ ካለው ጀምሩ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰጠው ጥቂት ብርና ዩኒቨርሲቲዎቹ በየዓመቱ የሚያወጡት የምርምር ጥሪ ሲደመሩ ለብልቃጥ፣ ለአልኮል፣ ለማጣሪያ ወረቀትና ለመስክ አበል ይበቃሉ። ላቦራቶሪው መኪና ይኖረዋል፤ ለክትባት ዘመቻ ሲወጣ ሁለት ተማሪ ያሳፍር። የጋራ ጥያቄያችሁን ለሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትና ለግብርና ሚኒስቴር በጽሑፍ አሳውቁ፣ ገንዘብ ለመጠየቅ ሳይሆን እንዲያውቋችሁ። ሁለት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ፣ የአሥራ ሁለት ወር ገበታና የመድኃኒት መላመድ ውጤት ይዛችሁ ሰጪ ፊት ስትቀርቡ ነገሩ ይለያል።

ትልቅ ገንዘብ በድንገት ቢመጣ እንኳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኛው አምብሊዮማ ቫሪጌተም ከዘመናት በፊት ከሴኔጋል በከብት መርከብ ወደ ጓዴሉፕ ተሻግሮ ካሪቢያን ውስጥ ተራብቷል። በ1995 እ.ኤ.አ. እሱን ከደሴቶቹ ለማጥፋት የጋራ ፕሮግራም ተጀመረ፣ አንዳንዶቹ ደሴቶች ነፃ ሊባሉ ደርሰው ነበር። ገንዘቡ ሲሳሳ መዥገሩ ተመለሰ። በየዓመቱ የሚገኝ ትንሽ ብር ለእናንተ ከዚያ ይበልጣል።

ለጊዜው ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የድሮዎቹን ፍሪጆችና ቁም ሣጥኖች፣ የአማካሪዎቹን መሳቢያ ጭምር፣ አንድ ቀን አስከፍተው ያስፈትሹ። ከአራቱ ተማሪዎች የአንዱ እንኳ ብልቃጥ መለያው ሳይጠፋ ከተገኘ የወረቀቷን ፎቶ እዚሁ ይለጥፉልኝ። ሴቶቹን አምብሊዮማዎች አብረን እናያቸዋለን።